ቀይ ማህተም ያላት ሁለት ዶላር

ዋሌቴ ውስጥ ከመንጃ ፈቃዴ ጀርባ የተጣጠፈች አንዲት ሁለት ዶላር አለች። ሁለት ዶላር ራሱ ብርቅ ነው የሚል ይኖራል፣ አይደለም፣ ባንክ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ዛሬም ይሰጧችኋል። የኔዋ ግን ማህተሟ ቀይ ነው፣ ቁጥሯም ቀይ ነው፣ ከላይ ደግሞ እንደሌላው ዶላር ፌደራል ሪዘርቭ ኖት አይልም፣ "ዩናይትድ ስቴትስ ኖት" ነው የሚለው፣ ሲሪዝ 1953። ኮሌክተር ጋር ብወስዳት ይሄን ያህል አታወጣም፣ እንደሷ ያረጀችና የተጨማደደች በጥቂት ዶላር ነው የምትሸጠው። እኔም ለብሩ ብዬ አይደለም የያዝኳት።

እጄ የገባችው አሜሪካ እንደመጣሁ ሰሞን ነው፣ ዲሲ ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆኜ ማታ ማታ እሰራ ነበር። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ሂሳባቸውን በካሽ ከፍለው ወጡ፣ ከብሮቹ መሃል ይቺ ነበረች፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌ መጥቷል ሳላይ ወደ ሳጥኑ ወረወርኳት። ሽፍት ሲያልቅ ሂሳብ የሚረከቡን አለቃችን ሐበሻ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ብሩን እንደ ካርታ እየጣሉ ሲቆጥሩ እዚች ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሁለት ዶላር ነው ጋሼ።"

"ሁለት ዶላር መሆኑንማ አይቻለሁ። ምን ሆኖ ነው የቀላው?"

"እኔ እንጃ፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው የሰጡኝ።"

"ፌክ ነው። ይሄን አልረከብህም፣ ተካ።"

ተካሁ። ከባስ ሂሳቤ ላይ ሁለት ባለ አንድ አውጥቼ ሰጠሁና ቀይዋን ኪሴ ከተትኳት፣ እየተናደድኩ። ባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ከዛ በደንብ ያየኋት። ፕሬዝዳንት ጀፈርሰን መሃል ላይ አለ፣ በዙሪያው ደግሞ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ የአሜሪካ መንግስት ይህን ላመጣ ሰው፣ በጠየቀ ጊዜ፣ ሁለት ዶላር ይከፍላል። ቆይ፣ ምን ማለት ነው? ሁለት ዶላር ይዤ ሄጄ ሁለት ዶላር ሊከፍሉኝ? ምን አውጥተው? ይቺ ጥያቄ ስንት ዓመት እንዳዞረችኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ያገኘሁትን እያነበብኩ የቆየሁት በሷ ምክንያት ነው፣ ኢኮኖሚስት ምናምን አይደለሁም። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መልሱ መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ከንባብ አይደለም፣ ከሰፈራችን ሱቅ ነው። ልጅ ሆኜ እማዬ ስኳር ወይ ክብሪት ግዛ ብላ ስትልከኝ ባለሱቁ ዝርዝር ካጣ ወይ ማስቲካ ይሰጠኛል፣ ወይ ደግሞ ከሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ቀዶ "50 ሳንቲም" ብሎ ይፈርምና "ለእናትህ ስጣት፣ በኋላ አምጣና ትወስዳለህ" ይለኛል። አንድ ቀን ያቺን ካርቶን ለእማዬ አልሰጠኋትም፣ ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ አምስት ብይ ገዛሁባት። ልጁ ደግሞ ሱቅ ወስዶ ከረሜላ በላባት። ማታ ተገርፌያለሁ፣ እሱ ይቆየን፣ ነገሩ ግን ያ ካርቶን የባለሱቁ ዕዳ ነበር እኮ፣ የዱቤ ደብተር ግልባጭ በለው፣ የሚለየው ዕዳ ያለበት እሱ መሆኑ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፊርማውን ስለሚያውቅ ዕዳው ከእጅ እጅ እየዞረ ብይም ከረሜላም ገዛ። ወረቀት ብር ማለት ይኸው ነው፣ ባለሱቁ መንግስት ሲሆን።

የኔዋ ሁለት ዶላር ዘሯ የሚመዘዘው ከ1861 ነው። የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ተነስቷል፣ ሊንከን ወታደር ይሰበስባል፣ ካዝናው ባዶ ነው። ያኔ የፌደራሉ መንግስት ገንዘብ ማለት ወርቅና ብር ሳንቲም ነው፣ ወረቀት የሚያትሙት የየስቴቱ ባንኮች ናቸው፣ በየአይነቱ፣ አንዱ ከተማ የሚሰራው ሌላው ከተማ ላይ አፍንጫ የሚነፋበት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሳልመን ቼዝ ነው፣ ጠበቃ፣ ኩራተኛ፣ ፕሬዝዳንት ካልሆንኩ የሚል፣ እና በግሉ ወረቀት ብር የማይወድ ሰው። የማይወደውን ነው የፈረደበት።

በዛ ዓመት በጋ ኮንግረስ 50 ሚሊዮን ዶላር ዲማንድ ኖት የሚባል ወረቀት ፈቀደ፣ በጠየቅህ ጊዜ በወርቅ የሚመነዘር። ህጉ እያንዳንዱ ወረቀት በእጅ ይፈረም ስለሚል ጸሐፊዎች ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ ሲፈርሙ ይውላሉ፣ የሚፈርሙት ደግሞ በሹሞቹ ቦታ ስለሆነ ከማዕረጉ ፊት "ስለ" የሚለውን ቃል ሁሉም ወረቀት ላይ በእጃቸው መጻፍ ነበረባቸው። እጃቸው ሲዝል ነው መሰለኝ ቃሏን እዛው ህትመቱ ላይ የጨመሯት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትሬዠሪ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ማለት ነው፣ ሴቶችን አስገብቶ የታተመውን ሉህ በመቀስ ያስቆርጥ ጀመር፣ ከወንዶቹ ባነሰ ደሞዝ። ህንጻው ዛሬም 15ኛው ጎዳና ላይ አለ፣ ከምሰራበት ጋራዥ በእግር የሚኬድ ነበር፣ እነዛን ሴቶች ሳስብ እኛም እንደዛው የሌላ ሰው ብር ስንቆጥር ነው የምናድረው እያልኩ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ዲሴምበር 1861 መጨረሻ ላይ ባንኮቹም መንግስትም ወርቅ መክፈል አቆሙ። አለቀ። ከዛ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1862 ሊንከን አዲስ ህግ ፈረመ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት፣ በጠየቅህ ጊዜ ወርቅ እሰጥሃለሁ የማይል፣ ግን ማንም ሰው ለዕዳ ሲከፈለው እምቢ ማለት የማይችለው። ጀርባው አረንጓዴ ስለሆነ ህዝቡ ግሪንባክ አለው። በዛው ዓመት ጁላይ ሌላ 150፣ በ1863 ማርች ሌላ 150 ተጨመረ። የወረቀቱ ጀርባ ላይ የተጻፈችው ነገር ናት እንግዲህ ለኔ የታሪኩ እምብርት። ይህ ወረቀት ለማንኛውም የመንግስትም የግልም ዕዳ ይሰራል ይልና፣ ከሁለት ነገር በስተቀር ይላል፦ ለጉምሩክ ቀረጥ እና ለመንግስት ዕዳ ወለድ አይሰራም።

እስቲ ደግማችሁ አንብቧት። መንግስት ራሱ ያተመውን ወረቀት ጉምሩክ ላይ አልቀበልም አለ፣ ነጋዴው ወርቅ ገዝቶ ያምጣ። ለምን? ያ ወርቅ ተሰብስቦ ለቦንድ ገዢዎች ወለድ ይከፈላል። ወታደሩ በወረቀት፣ ባለቦንዱ በወርቅ። ሁለቱም ለመንግስት ያበደሩ ናቸው እኮ! አንዱ ገንዘቡን አበደረ፣ ሌላው ጉልበቱንና ህይወቱን ሰጥቶ በምትኩ ወለድ የሌላት ቀን የማትጠራ የዕዳ ወረቀት ተቀበለ። ወረቀት ብር መጥፎ ነው የሚል ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ ያለሱ ጦርነቱን እንዴት ያካሂዱት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ "በስተቀር" ናት።

የሚገርመው ደግሞ የ1861ዶቹ ዲማንድ ኖቶች ጉምሩክ ላይ መስራታቸውን ቀጠሉ፣ ስለዚህ ያው አንድ መንግስት ያተማቸው ሁለት አረንጓዴ ወረቀቶች ገበያ ላይ ዋጋቸው ተለያየ፣ አሮጌው ከወርቅ ጋር እኩል እኩል ይሄዳል፣ አዲሱ ይወርዳል። ልዩነቱ ባለሱቁ መልሶ ለምን እንደሚቀበለው ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አያቴ ወረቀት ብር እስክትሞት አላመነችም፣ ሳጥኗ ስር ጥቂት ጠገራ ነበራት፣ "ይሄ ቢቃጠልም አመዱ ብር ነው" ትል ነበር። ኒውዮርክ ብትሆን ኖሮ ጎልድ ሩም የሚሉት የወርቅ ገበያ ቦታ ላይ ከፊት ትሰለፍ ነበር። ሰሜኖቹ ጦርነት ሲያሸንፉ ወረቀቱ ይወጣል፣ ሲሸነፉ ይወርዳል፣ ዋጋውን ያየ ሰው ጋዜጣ አያስፈልገውም።

የወረደበት ጥግ ደግሞ በጣም ቅርባችን ነው፣ ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። ጁላይ 11 ቀን 1864 ኒውዮርክ ላይ 100 ዶላር ወርቅ ለመግዛት 285 የወረቀት ዶላር ያስፈልግ ነበር፣ አንዱ ግሪንባክ 35 ሳንቲም ማለት ነው። በዛው ቀን የደቡቡ ጄኔራል ጁባል ኧርሊ ጦሩን ይዞ ዋሽንግተን በር ላይ ደርሷል፣ ፎርት ስቲቨንስ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በማግስቱ ሊንከን ራሱ እዛ ምሽግ ላይ ቆሞ ሲያይ ተተኩሶበታል። ኧርሊ ያረፈው የት ነው? ብሌር የሚባሉ ባለጸጋ ቤት፣ የቤቱ ስም ሲልቨር ስፕሪንግ። አዎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያልኩት፣ እኛ ክትፎ የምንበላበት፣ ለቅሶ የምንደርስበት፣ ፓርኪንግ አጥተን የምንዞርበት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዛ ግቢ ነው። ግሪንባክ እንደዛ የተዋረደበት ቀን ጠላት ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፣ እንግዲህ ከሩቅ አገር ዞሮ የመጣ ታሪክ አይደለም፣ ከዲሲ ሲልቨር ስፕሪንግ ይወስደን በነበረው በኤስ ዘጠኝ ባስ መስመር ነው።

ያን ጊዜ የተራ ወታደር ደሞዝ በወር 13 ዶላር ነበር፣ በዛው በጋ 16 ሆነች። በ35 ሳንቲም ምቱት፣ 16 ዶላር በወርቅ አምስት ከስልሳ ናት። ሚስቱ እቤት ሆና ዱቄትና ቡና የምትገዛው በዚች ነው፣ እሷም ከደረሰች፣ ለወራት የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ጥቁር ወታደሮች ደግሞ በወር 10 ዶላር ተብሎ ከሷም ላይ 3 ለልብስ ይቆረጥባቸው ነበር፣ የማሳቹሴትሱ 54ኛ ሬጅመንት እኩል ካልተከፈለን ጭራሽ አንቀበልም ብለው ያለ ደሞዝ ተዋግተዋል። ኮንግረስ ያስተካከለው በ1864 ነው። ወረቀትም ሆኖ እንኳ እኩል አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቦንዱ እንሂድ። ጄይ ኩክ የሚባል የፊላደልፊያ የባንክ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ወኪሎች አሰማርቶ፣ ጋዜጣ ላይ እያስነገረ፣ ፋይቭ ትዌንቲ የሚባለውን ቦንድ 500 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መንግስት ሊከፍለው የሚችል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሃያ ዓመት የሚያልቅ፣ ወለዱ 6 ከመቶ። ቁምነገሩ የምትገዛው በወረቀት ነው። 100 ዶላር ወርቅ በ150 የወረቀት ዶላር በሚገዛበት ጊዜ 100 ግሪንባክ ከፍለህ ከገዛህ ያወጣኸው በወርቅ 67 ዶላር ገደማ ነው፣ በየዓመቱ ግን 6 ዶላር ወርቅ ይመጣልሃል፣ ስለዚህ ስድስት ከመቶ የተባለው ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው። ኩክ ለገበሬም ለአስተማሪም ሸጧል፣ ሁሉም ሀብታም ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ብዙ የያዘው ያው ብዙ ያለው ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ በ1860 65 ሚሊዮን አካባቢ የነበረው የመንግስት ዕዳ 2.7 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። እና ጭቅጭቁ ተጀመረ። ህጉ ወለዱ በወርቅ ነው ይላል፣ ዋናው ገንዘብ ግን በምን እንደሚከፈል በግልጽ አላስቀመጠም! የኦሃዮው ፖለቲከኛ ፔንድልተንና ደጋፊዎቹ "በወረቀት አበደራችሁን፣ በወረቀት እንከፍላችኋለን" አሉ። ፍትሃዊ አይመስልም? ለኔ ይመስለኛል፣ ቢያንስ ወታደሩን ያየ ሰው አፉን ሞልቶ ሊቃወም አይችልም። ግን ያ ወገን ተሸነፈ፣ በ1869 ማርች ፕሬዝዳንት ግራንት ስልጣን እንደያዘ የፈረመው የመጀመሪያ ህግ ቦንዱ በወርቅና በብር ሳንቲም ወይም በዛ ልክ ይከፈላል የሚል ነበር። የሌላኛው ወገን ክርክርም ውሃ ይቋጥራል፣ ነገ ስትቸገር ማን ያበድርሃል ነው። ልክ ናቸው፣ አሜሪካ ከዛ በኋላ በርካሽ የተበደረችው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ግን የተበደረውን ዕዳ ውድ በሆነ ዶላር ከፈለ፣ ተናዶ ግሪንባክ ፓርቲ የሚባል እስከማቋቋም ደረሰ።

ይሄን ሳነብ አገር ቤት ትዝ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። በ2014 የተሸጠው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ አገራችን ከውጭ የተበደረችበት ቦንድ፣ ወለዱ 6.625 ከመቶ፣ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ደሞዝተኛው በብር ነው የሚከፈለው፣ ብሩ ደግሞ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዲሴምበር 2023 ላይ ወለዱም አልተከፈለም፣ ይሄኛው ከአሜሪካው በምን እንደሚለይ ሌላ ቀን እመጣበታለሁ።

ስለ ቼዝ ሳልነግራችሁ ማለፍ ግን አልችልም። ሰውየው በ1862ቱ ባለ አንድ ዶላር ግሪንባክ ላይ የራሱን ፊት ነው ያስቀመጠው፣ ፕሬዝዳንትነት የሚያምረው ሰው ፖስተሩን በየሰው ኪስ ሲከት አስቡት። ከሚኒስትርነት በ1864 ሲወጣ ሊንከን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላይ ዋና ዳኛ አደረገው። በ1870 የግሪንባክ ህግ ተከሶ ፊቱ ቀረበ። ቼዝ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከህጉ በፊት ለተገባ ዕዳ ወረቀቱን በግድ ተቀበል ማለት ህገ መንግስቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በራሱ ወረቀት፣ በራሱ ፊት ላይ! በዛው ቀን ግራንት ሁለት አዲስ ዳኞች አጨ፣ በዓመቱ ፍርዱ 5 ለ 4 ተገለበጠ፣ ቼዝ ከተሸናፊዎቹ ጋር ቀረ። እኔ ይሄን ሰው አሾፍኩበት እንጂ ትንሽ አከብረዋለሁ፣ ተሳስቼ ነበር ማለት የሚችል ሚኒስትር የት አለ።

ኮንግረስ ወረቀቱን ላጥፋ ላቆይ ሲል ቆይቶ በ1878 ባለበት ይቁም አለ፣ 346,681,016 ዶላር፣ አስራ ስድስቷ እንኳን አልቀረችም። በ1879 ጃንዋሪ 1 ወረቀቱ እንደገና በወርቅ መመንዘር ሲጀምር ሰው ተሻምቶ ወርቅ ያወጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፣ ኒውዮርክ ላይ ወርቅ ይዞ ወረቀት የጠየቀው በለጠ። ማግኘት እንደሚችል ካወቀ አይፈልገውማ። የአገሩ ወርቅ በ1933 ከሰው ኪስ ሲወጣ ደግሞ የኔዋ አይነት ወረቀቶች "እከፍላለሁ" የሚለውን ይዘው ቀሩ፣ የምትከፍለው ግን ሌላ ወረቀት ነው። በ1963ቱ ሲሪዝ ላይ ቃሏን ራሷን አነሷት። በ1971 ማውጣቱንም አቆሙ።

ቲክቶክ ላይ ሊንከንን ባንኮች ናቸው ያስገደሉት፣ ያለ ዕዳ ብር አትሞ፣ የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ይላክልኛል፣ ሁለቴ የላከልኝ የገዛ ወንድሜ ነው። ገዳዩ ቡዝ የደቡብ ደጋፊ ነበር፣ ባንክ የሚጠላ የተባለው ሊንከንም በ1863 የብሔራዊ ባንኮችን ህግ የፈረመው ራሱ ነው። "ያለ ዕዳ" የሚለው ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። ትሬዠሪ የአገሪቱን ዕዳ ሲዘረዝር እነዚህ ቀይ ማህተሞች አሁንም አሉበት፣ በ2012 239 ሚሊዮን ዶላር ተብለው ተቆጥረዋል፣ የዕዳ ጣሪያው ውስጥ አይገቡም እንጂ ዕዳ ናቸው። ከነዛ ውስጥ ሁለቷ ዶላር የኔ ናት። ወለድ የለው፣ ቀን የለው።

ባለፈው ሰሞን ጋሼን ሲልቨር ስፕሪንግ ራት ጋበዝኳቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወረቀቷን አውጥቼ ታሪኩን አንድ ባንድ ነገርኳቸው፣ ኧርሊ እዚህ ጋ ነበር አልኳቸው፣ ቼዝ ጋ ስደርስ ሳቁ። ከዛ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋት።

"እና ፌክ አይደለችም?"

"አይደለችም ጋሼ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ አስጨረሱኝ!"

ጥፋቴን በራቱ እከፍላለሁ አሉ፣ እኔ ነኝ የጋበዝኩት ብል ወይ ፍንክች፣ እንደሁልጊዜው በካሽ፣ ተነቅሎ እንደሚበር ነገር ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ተጭነው ቆጠሩት። አስተናጋጇ መልሱን ይዛ መጣች፣ "ጋሼ ይቅርታ፣ ሁለት ዶላር ዝርዝር አጣሁ፣ ማስቲካ ላድርግልዎት?" አለች።

ጋሼ ዞረው ዋሌቴን አዩት። አይሆንም አልኳቸው።